የክት ሰዓት

አንድ ሰው ነበረ፤ የአባቱን ሰዓት የሚፈራ።

አትሳቂ፣ የሻረግ። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ እንደ ዓይኔ አልደከመም። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የአገሩን ሁሉ ወለምታና ውልቃት ስታሽ ኖራ፣ ስትሞት እጅሽን ይዛ መርቃሽ ሄደች። አንቺም ያንን እጅ ለትልቅ ነገር ብቻ ነው ብለሽ አስቀመጥሽው። በአምስት ዓመት የነካሽው ሰው አምስት አይሞላም። አምና የአንዱን ትከሻ መለስሽና በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ወለቀ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ጎረቤትሽ ገበሬው ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት እያነከሰ ቢመጣ «እኔ አልችልም፣ ሌላ ፈልግ» ብለሽ መለስሽውና እያለቀስሽ እኔ ዘንድ መጣሽ። «አባባ፣ እናቴ ተቀይማኝ ይሆን? ምርቃቷ ትቶኝ ሄዶ ይሆን?» ነው ያልሽኝ። እሱን ነው የምመልስልሽ። እስክጨርስ ግን አታቋርጪኝ፤ ካቋረጥሽኝ እንደገና ከመጀመሪያው ነው የምነሣው።

ሰውየው ባለሱቅ ነበረ፤ ሚስማርና ቆርቆሮ፣ ቀለምና ገመድ የሚሸጥ፣ የደላው ሰው። አባቱ ግን እንደሱ ተቀምጦ አልበላም። አባቱ የመንገድ ሥራ ካቦ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ «ያንን ድንጋይ ወዲህ፣ ይኼን አፈር ወዲያ» ሲል የኖረ፣ ሠራተኛው ሲደክመው ደግሞ ራሱ አካፋ የሚጨብጥ። የመጀመሪያው መንገድ ሲያልቅ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲነሣ ከእጁ ላይ ሰዓቱን ፈትቶ ለካቦው ሰጠው። የስዊስ ሰዓት ነው። ስስ፣ የወርቅ ቅብ፣ ፊቱ ወተት የመሰለ፣ በጥቁር ቆዳ የሚታሰር፣ ለሙሽራ የሚሆን ሰዓት። ካቦው ግን ሙሽራ አልሆነበትም። አሰረው፣ አካፋውን አነሣ፣ በቃ። ሠላሳ ዓመት ከእጁ አልወረደም። መስታወቱ ተጫረ፣ ማሰሪያው አራት ጊዜ ተቀየረ፤ ሰዓቱ ግን አንድ ቀን እንኳ ቆሞ አያውቅም።

ሊሞት ሲል ልጁን ጠራና ሰዓቱን ፈትቶ ሰጠው። «ሥራህ አይቁምብህ፤ ቤትህ አይጉደልብህ» ብሎ መረቀው። በማግሥቱ ዐረፈ።

ልጁ አባቱን በጣም ይወድ ነበር። ከመውደዱ የተነሣ ሰዓቱን አላሰረውም። እንዴት ሆኖ! የአባቱን ሰዓት በሚስማርና በቀለም መካከል? በጥጥ ጠቀለለው፣ በሐር መሀረብ ቋጠረው፣ የቤቱ ካርታ ካለበት ሣጥን ውስጥ ከቶ ቆለፈበት። ለፋሲካ፣ ለጥምቀትና ለሰርግ ብቻ ይወጣል አለ። ክት አደረገው ማለት ነው።

እኛ መቼም ክት እንወዳለን። እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። እዚያ ቡፌ ውስጥ ስድስት ብርጭቆ አለ፤ ሚስቴ በሕይወት ሳለች ለክቡር እንግዳ ብላ የገዛችው። ክቡር እንግዳ የሚባለው ሰውዬ እስከ ዛሬ አልመጣም። እኛ በጣሳ ስንጠጣ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። ይኸው አንቺም ስትመጪ ውሃ የሰጠሁሽ በጣሳ ነው። ስለዚህ በሰውየው አልፈርድበትም።

ፋሲካ ደረሰ። ሰውየው ነጭ ልብሱን ለብሶ ሣጥኑን ከፈተና ሰዓቱን ቢያወጣው ቆሟል። ጆሮው ላይ ቢለጥፈው ጭጭ። ልቡ ስንጥቅ አለ። «በአባቴ እጅ ሠላሳ ዓመት የሄደ፣ በእኔ ቤት ሁለት ወር ሳይሞላው ሞተ!» አለ። የዚያን ቀን ዶሮው ቀርቦለት አልበላም።

በማግሥቱ ወደ ሰዓት ሠሪ ወሰደው። ሰዓቱን ጨብጦ፣ በጥድፊያ፣ ክንዱን እያወናጨፈ ነው የሄደው። ሰዓት ሠሪው ሽማግሌ ነው፤ ተቀበለው፣ አዳመጠው፣ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ጀርባውን ከፍቶ አየው።

«ወንድሜ፣ ይኼ እኮ ይሄዳል» አለው።

እውነትም ይሄዳል።

«ለመሆኑ ምን ታደርገዋለህ?»

«ምን አደርገዋለሁ? እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቀው!»

«እንግዲያው ምንም አልሆነም። በሰላም ሂድ።»

ሰውየው ደስ ብሎት ቤቱ ገባና ሰዓቱን በጥጥ ጠቅልሎ ቆለፈበት። በሦስተኛው ቀን ቢከፍተው ቆሟል።

እንዲህ እያለ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ሰዓቱ ከሣጥን ሞቶ ይወጣል፤ ሰዓት ሠሪው ዘንድ ሲደርስ ነፍስ ይዘራል፤ ሣጥን ሲገባ መልሶ ይሞታል። ጥርስሽ ሌሊቱን ሲጠዘጥዝሽ አድሮ ሐኪሙ ደጃፍ ላይ ስትደርሺ ጸጥ እንደሚለው ነው። በሦስተኛው ጊዜ ሰዓት ሠሪው ሳቀና «ወንድሜ፣ መታየት ያለብህስ አንተ ነህ» ብሎ ቀለደበት። ለቀልድ ነበር፤ ሰውየው ግን ቃሉን ይዞት ሄደ። ቤቱ ተቀምጦ ሲያብሰለስል ዋለ። በሰው እጅ ይሄዳል፣ በእኔ ቤት ይሞታል። እንግዲህ ጥፋቱ የሰዓቱ አይደለም፣ የእኔ ነው። አባቴ «ሥራህ አይቁምብህ» ብሎ የሰጠኝ ነገር ቆመብኝ። አባቴ በሆነ ነገር ተቀይሞኛል፤ ምርቃቱን መልሶ ወስዶታል አለ። ለማንም ግን አልተናገረም፤ ያፍር ነበር።

ምልክት የሚፈልግ ሰው መቼም ምልክት አያጣም። በዚያ ክረምት የሱቁ ጣሪያ አፈሰሰ፤ «ይኸው!» አለ። እንዴ! ቆርቆሮ ሻጭ ጣሪያው ሲያፈስበት ወጥቶ አንድ ቆርቆሮ ይመታል እንጂ ሰዓትን ምን አገባው? እሱ ግን ነገር ሁሉ ከዚያው ጋር ተያያዘበት። ሊከፍተው የነበረውን ሁለተኛ ሱቅ ተወው። የተጣላ ሊያስታርቅ ሲጠሩት «እኔን ተዉኝ፣ እኔ ለዚህ አልሆንም» ይላል። ሰውየው ከነሀብቱ እያነሰ ሄደ።

ይኼ ሁሉ ቀላል ነው። የባሰው የመጣው ልጁ ልታገባ ስትል ነው። አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። ወጉን ታውቂዋለሽ፤ ሙሽራ ከቤቷ ስትወጣ የአባቷን ጉልበት ስማ ተመርቃ ነው። ሰውየው ሚስቱን ጠራና «ወንድምሽ ይመርቃት። እኔ ጉልበቴን አላስምም» አላት።

ሚስቱ ጮኸች። «አንተ በቁምህ እያለህ? አባቷ ቆሞ አጎቷ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ያለውን ይበል። የአባቱ ምርቃት የሸሸው ሰው ምን አለውና ለልጁ ይሰጣል? እርግማኔ እንዳይተርፋት ብዬ ነው» አለና በልቡ ያኖረውን ሁሉ ዘረገፈው።

ልጅቱ ከጓዳ ሆና ሰማች። አባቷ እንደማይመርቃት ስታውቅ ሰርጉ አስጠላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት አንዲት የሰርግ ዘፈን አልተሰማችም። ሰርጉ ሊደርስ የቀረው ሁለት ወር ነበር።

ሰውየው በዚያው ሰሞን ሰዓቱን ይዞ ወደ ሰዓት ሠሪው ሄደ። «ሽጥልኝ። ዓይኔ አይየው። ለሚገዛው ግን ይቆማል ብለህ ንገረው፤ ሰው አላታልልም» አለው። በዚህ እንኳ ጨዋ ነበር። ሰዓት ሠሪው ወረቀት ጽፎ ሰዓቱ ከተቀመጠበት መስታወት ላይ ለጠፈ። «የሚሸጥ፤ ያገለገለ የስዊስ ሰዓት፤ አውቶማቲክ፤ ለክት የሚሆን» ይላል።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ፀጉር አስተካካይ በዚያ ሲያልፍ አነበበው። ሰዓቱን አገላብጦ አየና ወደደው። ሰዓት ሠሪውም እንደታዘዘው «ባለቤቱ ይቆማል ይላል፤ እኔ ግን ሦስት ጊዜ አይቼው ሦስቴም ሲሄድ ነው ያገኘሁት» አለው። ፀጉር አስተካካዩ «ይሁን፣ እኔ ጋ እናየዋለን። ደግሞ ክት የት አለኝ! ደንበኛ ቀኑን ሙሉ በመስታወት የሚያየው እጄን ነው፤ እጄ ይመር» አለና ገዝቶ እዚያው አሰረው።

ሰርጉ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ነው፣ ሰውየው ፀጉሩንና ጢሙን ሊስተካከል ወጣ። የሚያዘወትርበት ቤት ተዘግቶ ስላገኘው ወደ ሌላ ገባ፤ የገባውም ወደዚያ ሰው ቤት ነው። ማን ሰዓቱን እንደገዛው አያውቅም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ጨርቁ አንገቱ ላይ ታሰረለት፣ አረፋ ተቀባ። ምላጩ ግማሽ ጉንጩን እንዳለፈ ዓይኑን ወደ መስታወቱ አነሣ። የአባቱ ሰዓት ከፀጉር አስተካካዩ እጅ ላይ አለ። ጭረቱን ያውቀዋል። ሰከንድ ቆጣሪዋም ትዞራለች።

ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ።

«በስመ አብ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ሰውዬ፣ ነፍሰ ገዳይ ልታደርገኝ ነው? ምላጭ ይዤ እኮ ነው!»

«ይኼ ሰዓት ይሄዳል?»

«ምን ይሆናል? ሰፈሩ ሁሉ ሰዓት የሚጠይቀው እኔን ነው።»

ሰውየው ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ወደቀና እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ለባዕድ ይሄዳል! ለልጁ እምቢ ያለው ለባዕድ ይሄዳል!»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አስቀመጠ። ምን ሆነህ ነው ቢለው፣ ሰውየው ስለ አባቱም ስለ ምርቃቱም ስለ ልጁም አንድ ሳያስቀር ነገረው። ለማያውቁት ሰው መንገር አንዳንዴ ይቀላል። ፀጉር አስተካካዩ እስኪጨርስ ጠበቀውና «ሰዓቱን የት ነበር የምታኖረው?» አለው።

«ሣጥን ውስጥ። በጥጥ ጠቅልዬ።»

«አታስረውም ነበር?»

«ለበዓል።»

ፀጉር አስተካካዩ ሳቁ መጣበት፤ የሰውየውን ዓይን ሲያይ ዋጠው። «ጌታዬ፣ እኔም ባለፈው ወር ታምሜ ሦስት ቀን ተኝቼ ነበር» አለው። «ሰዓቱን ፈትቼ ራስጌዬ አስቀመጥኩት። ስነሣ ቆሟል። ተበላሁ ብዬ ወደ ሰዓት ሠሪው ሮጥኩ። ጀርባውን ከፍቶ አሳየኝ። ውስጡ ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ብረት አለች። ክንድህ ሲወዛወዝ እሷ ትዞራለች፤ እሷ ስትዞር ሰዓቱ ይሞላል። የሚኖረው በዚያ ነው። ያላሰሩት እንደሆነ በሁለት ቀን፣ ቢበዛ በሦስት ቀን ይቆማል። አባትህ አልተቀየመህም፤ አንተ ነህ ያላሰርከው።»

ሰውየው ሰማ፤ ግን አላመነም። «ይኼ ለአንተ ነው። በእኔ እጅ ይቆማል» አለ።

ፀጉር አስተካካዩ ያን ጊዜ ሰዓቱን ከእጁ ፈታና የሰውየውን ክንድ ያዘ። ሰውየው ክንዱን መነጨቀ። ገባሽ ለምን እንደፈራ? እስከዚያች ቀን ድረስ ጥርጣሬ ነበር። ሣጥን ውስጥ መቆምና እጅ ላይ መቆም አንድ አይደለም። አስሮት ከቆመበት ግን የአባቱን ፍርድ በገዛ ዓይኑ ሊያይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መጽናኛ የለውም። ስለዚህ አለማወቁን መረጠ። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ የሰው ጭንቅላት ይዞ ማቆየት የለመደ ክንደ ብርቱ ሰው ነው፤ አለቀቀውም። በግድ አሰረለት።

«እስከ እሑድ እንዳትፈታው» አለው። «ከቆመ አምጣልኝ፤ አጎቷም ይመርቃት። ከሄደ ግን ጉልበትህን ታጥበህ ትጠብቃታለህ። አሁን ተቀመጥ፣ በግማሽ ጢም ከዚህ ቤት አትወጣም።»

ማክሰኞ ሰዓቱ ሄደ። ሰውየው በየደቂቃው ያየዋል። ቁጭ ካለ የሚቆም እየመሰለው መቀመጥ ፈራ። ለሰርጉ ዳስ እየተጣለ ነበርና ሌላ ጊዜ ከደጃፍ ሆኖ የሚያዘው ሰውዬ ሄዶ እንጨት ተሸከመ፣ አግዳሚ ወንበር አነሣ፣ መሰላል ወጥቶ ሚስማር መታ። ሚስቱ «ምን ነካው? ሠራተኛ ጠፋ?» ትላለች። ሐሙስ ቆርቆሮ ሲያነሣ የሰዓቱ መስታወት ተፋቀ። ክው አለ። ቀረብ አድርጎ ሲያየው አዲሱ ጭረት ከአባቱ ጭረት አጠገብ ነው። ያኔ አባቱ አካፋ ይዞ አፈር ለብሶ ታየው፤ ያንን ሰዓት በጥጥ ጠቅልሎ መሸሸጉም አሳቀው። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ። ልጁ ሳቁን ሰምታ ከቤት ወጥታ አየችው።

ዓርብ ደግሞ ሰዓቱ አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቶ ተገኘ። ሰውየው እየሮጠ ወደ ፀጉር አስተካካዩ መጣ። «ቀረ! ሊቆም ነው!» አለ።

«ከቀረ አስተካክለዋ! በእኔም እጅ ይቀር ነበር» ብሎ ቁጣ ቁጣ አለው።

አስተካከለው። ቅዳሜ ሄደ። እሑድ ሙሽራው መጥቶ ልጅቱ ልትወጣ ስትል፣ አጎቷ ከመቀመጫው ሊነሣ ሲል፣ ሰውየው እጁን አየ፤ ሰዓቱ ይሄዳል። «ተቀመጥ» አለው አማቹን። «የእኔ ልጅ ናት።» ልጅቱ ወደቀችና ጉልበቱን ሳመች። ሁለት እጁን ራሷ ላይ አድርጎ «ሥራሽ አይቁምብሽ፤ ቤትሽ አይጉደልብሽ» አላት። ልጅቱ ሰዓቱ ጆሮዋ ሥር ሲመታ ትሰማው ነበር። ዳሱ በእልልታ ቀለጠ።

በኋላ ፀጉር አስተካካዩ የገዛበትን ብቻ ተቀብሎ ሰዓቱን እዚያው እጁ ላይ ተወለት፤ አንድ ሳንቲም አልጨመረበትም። ሰውየውም ከዚያ ወዲያ አስሮት ሚስማር ይመዝናል፣ ቀለም ይቀዳል። ሚስቱ «ኧረ አውልቀው፣ ቀለም ነካው!» ትላለች፤ አይሰማትም።

እንግዲህ የሻረግ፣ ወደ አንቺ ልምጣ። ያ ሰውዬ አንቺ ነሽ። ምርቃትና ቅያሜ ብለሽ መጣሽ፤ እኔ እናትሽን አውቃታለሁ፤ ለቅያሜ ጊዜ አልነበራትም። በአንድ ቀን ስንት ሰው ታሽ እንደነበር ረስተሻል? የልጆች አንጓ፣ የሸክላ ሠሪዋ ወገብ፣ የዶሮ እግር ሳይቀር ትጠግን ነበር። አንድ ጊዜ ለአንዲት ቄብ ዶሮ ሸምበቆ አስራ ሰፈሩ ሲስቅባት እኔም ስቄአለሁ። እጇ ያልጠፋው እንዲያ ስላልተቀመጠ ነው። አንቺ ግን እናትሽን ከማክበርሽ የተነሣ እጅሽን ክት አደረግሽው። በዓመት አንዴ ታወጪዋለሽ፤ ሲደነዝዝብሽ ጊዜ እናቴ ተቀየመችኝ ትያለሽ። የአምናው ትከሻ ተመልሶ የወለቀው በእርግማን አይደለም፤ እጅሽ ስምንት ወር ተኝቶ ከርሞ ነው። ያልተበላሸ ነገር አትቅበሪ።

የፈራሽውንም አውቄዋለሁ። ዛሬ ያንን እግር ነክተሽ ባይሆንልሽ፣ እናቴ በእርግጥ ትታኛለች ልትይ ነው። ስለዚህ አለመንካቱን መረጥሽ። ልንገርሽ፤ አንዳንድ ቀን አይሆንልሽም። ያኔ አታልቅሺ፣ አስተካክዪውና ነገም ሌላ ሰው ንኪ። ስብራት ከሆነ ሐኪም ቤት ላኪው፣ እናትሽም ትልክ ነበር። ወለምታውን ግን ለማንም አትስጪብኝ።

ጎረቤትሽ ዘንድ ሳይመሽ ትሄጃለሽ። ይቅርታ ትጠይቂውና እግሩን ትይዢለታለሽ። ከዚያ በፊት ግን ያንን በርጩማ ሳቢና ተቀመጪ። ይኸው ቁርጭምጭሚቴ። ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ከደረጃ ላይ ተንሸራትቼ ነው፤ ለማን ልንገር? የምታሸኝ ሞታብኝ፣ ልጇ ደግሞ አልችልም እያለች። ቅባኑግ እዚያ መስኮቱ ላይ አለ። ያዢው። ፈራሽ? አሮጌ እግር ነው፣ ብትሳሳቺም የምትሳሳቺው በእኔ ነው። ኧረ ጠበቅ አድርጊው፣ ዳቦ ነው እንዴ የምታቦኪው! ወደ ውጭ ነው... ወደ ውጭ... ወይኔ እናቴ! አይ፣ አይ፣ እጅሽን አታንሺ! አይዞሽ፣ ቀጥዪ። እናትሽም ስትጀምር አስጩኻኛለች።